25 ሊትር ለምትይዝ ትንሽ አኳሪየም የትኛው ዓሣ፣ የትኛውስ ተክል ይስማማል?

ጠል፦
ሰላም ለመድረኩ ተሳታፊዎች። ርዝመቷ 40፣ ወርዷና ከፍታዋ 25፣ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ የመስታወት ገንዳ አለችኝ፤ ሲባዛ 25 ሊትር ይመጣል። ትንሽ የስፖንጅ ማጣሪያ፣ ሙቀት መቆጣጠሪያ ያለው ማሞቂያና መጠነኛ መብራትም አዘጋጅቻለሁ፤ ውሃ ግን ገና አልሞላሁም። በሐሳቤ የያዝኩት አንድ ጎልድፊሽ፣ ስድስት ኒዮን ቴትራና አልጌውን እየላሰ መስታወቱን ያጸዳልኛል የተባለ አንድ ፕሌኮ ነው። ከተክል ደግሞ ቫሊስኔሪያና ላኪ ባምቡ እየተባለ የሚሸጠውን መርጫለሁ። «ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ ሴንቲ ሜትር ዓሣ» የሚል ደንብ አንብቤ በዚያ ስሌት የሚበቃ መስሎ ታየኝ። ከመጀመሬ በፊት ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል።

ዝቃጭ፦
ሰላም ጠል። ሳይሞሉ መጠየቅዎ መልካም ነው፤ አብዛኛው ሰው ወደዚህ መድረክ የሚመጣው ዓሣው ከታመመ በኋላ ነውና።

በመጀመሪያ በውሃው መጠን እንስማማ። 25 ሊትር ማለት ባዶዋ ገንዳ እስከ አፏ ስትሞላ የምትይዘው ነው። በአማካይ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠጠር ከሥሯ ቢነጠፍ እርሱ ብቻውን 5 ሊትር ቦታ ይይዛል፤ ከአፏ 2 ሴንቲ ሜትር ጎደል አድርገው ሲሞሏት ሌላ 2 ሊትር ይቀነሳል። ድንጋይና እንጨት ሲጨመርበት፣ በጠጠሩ መሐል የሚሰርገውን ውሃ እንኳ ብንቆጥርለት፣ የሚቀረው ከ18 እስከ 19 ሊትር ግድም ነው። ወደፊት መድኃኒት መለካት ቢኖርብዎ የሚያሰሉት በዚህ ቁጥር እንጂ በ25 አይደለም።

ስለ ደንቡ ደግሞ ግልጹን ልናገር፤ ዓሣን እንደ ገመድ በርዝመቱ ብቻ የሚለካ ስለሆነ በትንሽ ገንዳ ላይ ፈጽሞ አይሠራም። ቁመናው ሳይለወጥ ርዝመቱ በእጥፍ ያደገ ዓሣ ክብደቱ ስምንት እጥፍ ያህል ይሆናል። ስለዚህ ባለ 2 ሴንቲ ሜትር አሥር ዓሦችና ባለ 20 ሴንቲ ሜትር አንድ ዓሣ በደንቡ መሠረት እኩል ቢሆኑም ትልቁ ዓሣ ከአሥሩ ድምር ወደ መቶ እጥፍ ይመዝናል፤ የሚበላውም፣ ወደ ውሃው የሚለቀው ቆሻሻም ከዚያው ጋር አብሮ ይጨምራል። ጎልድፊሽ በደንብ ከተያዘ 20 ሴንቲ ሜትር የሚያልፍና ከአሥር ዓመት በላይ የሚኖር ዓሣ ነው። «ገንዳው ትንሽ ከሆነ ዓሣውም በልኩ ያድጋል» ሲባል ይሰማል፤ ዕድገቱ የሚገታው ግን በራሱ ቆሻሻ ተመርዞና ተጨንቆ በመሆኑ ዕድሜውም አብሮ ያጥራል። ፕሌኮው ሲሸጥ ጣት ቢያህልም የተለመደው ዝርያ 30 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፤ ማለትም የገንዳዎ ወርድ ላይ መዞር እንኳ አይችልም። ኒዮን ቴትራ በመጠኑ አነስተኛ ነው፤ ሆኖም በመንጋ ሆኖ ወደ ጎን ርቆ መዋኘት ስለሚወድ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ላለው ገንዳ ቢተው ይሻላል።

በአጭሩ ሦስቱንም ይሰርዟቸው። ተክሎቹን በተመለከተ ሐመልማል ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ።

ሐመልማል፦
ስለ አክብሮትዎ አመሰግናለሁ፣ ዝቃጭ። ጠል፣ በእንዲህ ያለች ትንሽ ገንዳ ውስጥ እኔ የምመክረው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው፤ ተክሉ አስቀድሞ ይገባል፣ ሥር ይሰዳል፣ ማደጉም በዓይን ይታያል፣ ከዚያ በኋላ ነው ስለ ዓሣ የሚታሰበው። ተክል ለጌጥ ብቻ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ዓሣው በጉሮሮው ስንጥቆች የሚያስወጣውን፣ ዐይነ ምድሩም ሲበሰብስ የሚወጣውን አሞኒያ የሚባል መርዛማ ቆሻሻ በቀጥታ ይመገባል፤ በብዙ መቶ ሊትር ውሃ ውስጥ ሳይታወቅ የሚያልፍ ስሕተት በ18 ሊትር ውስጥ በአንድ ሌሊት ጉዳት የሚያደርስ በመሆኑም ይህ አገልግሎቱ ለትንሽ ገንዳ እጅግ ያስፈልጋል።

ከመረጧቸው ሁለቱ ስነሣ፣ ቫሊስኔሪያ ጥሩ ተክል ነው፤ ቅጠሉ ግን በቀላሉ 50 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። በእርስዎ ገንዳ ከፍታ ላይ ታጥፎ የውሃውን ገጽ ይሸፍንና ከሥሩ ያሉትን ብርሃን ይከለክላል፤ ተሳቢ ግንዶቹንም እየዘረጋ በየማዕዘኑ ይበቅላል። ላኪ ባምቡ ደግሞ ቀርከሃም የውሃ ተክልም አይደለም። ድራሴና የሚባለው የየብስ ተክል ወገን ነው፤ ሥሩን ውሃ ውስጥ፣ ቅጠሉን ከውሃ በላይ አድርገው ከተከሉት ይኖራል፤ ሙሉ በሙሉ ከሰመጠ ግን ውሎ አድሮ ይበሰብስና ውሃውን ያበላሻል።

በምትካቸው ሁለት ዓይነት ተክል ያስፈልግዎታል። የመጀመሪያው ዓይነት በፍጥነት አድጎ ብዙ የሚመገብ ነው። ሆርንዎርት ሥር እንኳ ሳይተከል ተንሳፎ ያድጋል፤ ውሃ ሲለወጥበት መርፌ መሳይ ቅጠሎቹን አራግፎ ለጥቂት ጊዜ ያስቸግራል እንጂ ለጀማሪ ምቹ ነው። ከተንሳፋፊዎቹ ሳልቪኒያ ወይም ፍሮግቢት ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር ስለሚወስዱ ሌሎቹ በውሃ ውስጥ ባለው እጥረት ሲቸገሩ እነርሱ ያለ ችግር ይበዛሉ። በየሳምንቱ ግማሽ ያህሉን አንሥተው ይጣሉ፤ የሚያነሡት እፍኝ ሙሉ ቅጠል ከውሃው የወጣ ናይትሬት (አሞኒያው ተለውጦ በመጨረሻ የሚሆነው ነገር) ነው። ሲጥሉ ግን አድርቀው ከቆሻሻ ጋር ይሁን፤ ወንዝና ሐይቅ ውስጥ የገባ ተንሳፋፊ ተክል ምን እንደሚያደርግ ከእምቦጭ የምናውቀው ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ዝግ ብሎ የሚያድግና መልክ የሚሰጥ ነው። አኑቢያስ ናና፣ ጃቫ ፈርንና ቡሴፋላንድራ በእንጨት ወይም በድንጋይ ላይ በክር ታስረው ይኖራሉ። ከቅጠሉና ከሥሩ መካከል በአግድም የሚሄደውን ወፍራም ግንድ ጠጠር ውስጥ እንዳይቀብሩት አደራ እላለሁ፤ የተቀበረ አግዳሚ ግንድ ይበሰብሳል፣ የነዚህ ተክሎች አሟሟትም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። አኑቢያስን ከመብራቱ ሥር በቀጥታ አያስቀምጡት፤ አንድ ቅጠል ብዙ ወራት ስለሚቆይ ጥቁር አልጌ ይይዘዋል። ከፊት ለፊት ክሪፕቶኮሪን ፓርቫ፣ ከኋላ ክሪፕቶኮሪን ዌንዲቲ ይተከሉ። የነዚህን ጠባይ አስቀድመው ይወቁ፦ በተተከሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቅጠላቸው ጠርዝ ላይ እንደ መስታወት ብርሃን የሚያሳልፍ ይሆናል፣ ይበሳሳል፣ ከዚያም በጣት ሲነኩት የሚሟሟ ዝልግልግ ነገር ይሆናል። ሞተ ብለው እንዳይነቅሉት። የበሰበሰውን ቅጠል ብቻ ከሥሩ ቆርጠው ያስወግዱ፤ ሥሩ ደኅና ከሆነ በሳምንታት ውስጥ ከመሐሉ ጠባብና ጥቅልል ያለ አዲስ ቅጠል ይወጣል። ብዙዎቹ ተክሎች በማባዣ ቦታ ከውሃ በላይ የሚያድጉ ስለሆኑ በአየር ላይ የበቀለው ቅጠል ረግፎ በውሃ ውስጥ መኖር የሚችለው እስኪተካ ድረስ መታገሥ ግድ ነው።

መብራቱን በቀን በድምሩ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ብቻ ያብሩ። ለነዚህ ተክሎች የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ መጨመር አያስፈልግም፤ እንዲያውም በትንሽ ውሃ ውስጥ ልኩን ካለፈ ዓሣ የሚያፍን ነገር ስለሆነ ለጀማሪ አልመክረውም።

ሰማያዊ ክንፍ፦
ከላይ በተባለው ሁሉ እስማማለሁ። ስለ ዓሣው እኔ አንድ ወንድ ቤታ እመክራለሁ፤ አንድ ብቻ። ቤታ ከጉሮሮው ስንጥቆች በተጨማሪ ከውሃው ገጽ አየር እየጎነጨ በላቢሪንት አካሉ ይተነፍሳል። ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት፣ ዝግ ያለ የውሃ ፍሰትና የሚያርፍበት ሰፊ ቅጠል ካገኘ ደግሞ ባለቤቱን ለይቶ የሚቀበል እስኪመስል ድረስ ንቁ ይሆናል። ዝግታ ላለው የስፖንጅ ማጣሪያ የተፈጠረ ዓሣ ነው ማለት ይቻላል። ረጅም ክንፍ ካለው ስለታም ድንጋይና የፕላስቲክ ተክል ስለሚቀድዱበት ይወገዱ። ደግሞም «ቤታ በተፈጥሮው በኩሬ የሚኖር ስለሆነ ብርጭቆ ይበቃዋል» የሚሉትን አይስሟቸው፤ የሚኖርባቸው የሩዝ ማሳዎችና ረግረጎች ጥልቀታቸው ትንሽ ቢሆንም ስፋታቸው ትልቅ ነው።

ቀጭን ጅረት፦
ቤታ ጥሩ ምርጫ መሆኑን አልክድም። ሆኖም ጠል የጻፉትን ሳነብ ኒዮን ቴትራ ያሰቡት መንጋ ማየት ስለፈለጉ ይመስለኛልና፣ ትንንሽ መንጋ ሠሪዎችም አማራጭ መሆናቸው ይነገራቸው። ቺሊ ራስቦራ 2 ሴንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላ የቦርኒዮ ዓሣ ነው፤ ስምንት ወይም አሥር ሆኖ በእንዲህ ያለች ገንዳ ይኖራል። ሴለስቲያል ፐርል ዳኒዮ በ2006 በምያንማር ተገኝቶ በ2007 ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘ፣ በጥቁር ሰማያዊ ገላው ላይ ወርቃማ ነጠብጣብ የተረጨበት፣ ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ዓሣ ነው። ኢንድለርስ የሚባለው የጉፒ ዘመድ ደግሞ ከቬኔዙዌላ የመጣ ጠንካራ ዓሣ ነው፤ የሚያዘው ግን ወንዶቹ ብቻ ተለይተው መሆን አለበት፤ አንዲት እርጉዝ ሴት ብትቀላቀል በየወሩ ገደማ ጫጩት ትወልዳለች፣ የወንዱንም ዘር በሰውነቷ ስለምታቆይ ብቻዋን ሆና እንኳ ደጋግማ ትወልዳለች።

ከሦስቱ የትኛው ይሻላል ለሚለው ግን መልስ የሚሰጠው የእርስዎ ውሃ ነው። ከቧንቧ የሚቀዱትን ውሃ አንድ ሌሊት አሳድረው ፒኤቹን (አሲዳማነቱን የሚያሳየውን ቁጥር)፣ ጠንካራነቱን፣ እንዲሁም የክፍሉን ሙቀት በሌሊት ለክተው ይንገሩን።

ጠል፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጎልድፊሹም ፕሌኮውም ቀርተዋል። ያደረው ውሃ ፒኤች 7.8፣ አጠቃላይ ጠንካራነቱ ደግሞ በጀርመን መለኪያ 13 ዲግሪ ሆኗል። የክፍሉ ሙቀት በሌሊት ወደ 18 ዲግሪ ይወርዳል። ቺሊ ራስቦራውን እጅግ ወድጄዋለሁ፤ ፒኤቹን ዝቅ የሚያደርግ ፈሳሽ እንደሚሸጥም ሰምቻለሁ። በእርሱ ማስተካከል አይቻልም?

ቀጭን ጅረት፦
ይቻላል፣ አይመከርም። ጠንካራ ውሃ ማለት ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት፣ ሳሙና በቀላሉ አረፋ የማይሰጥበት፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ውሃ ነው። እንዲህ ያለው ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ካርቦኔቱም ብዙ ስለሆነ የጨመሩትን አሲድ ይውጠውና ፒኤቹ ተመልሶ ይወጣል፤ እርስዎም እንደገና ይጨምራሉ። ዓሣን የሚጎዳው ደግሞ በመጠኑ ከፍ ያለ ግን የማይናወጥ ፒኤች ሳይሆን ይህ መውጣትና መውረዱ ነው። ውሃውን በእውነት ማለስለስ የሚፈልግ ሰው የዝናብ ውሃ ወይም በሪቨርስ ኦዝሞሲስ የተጣራ ውሃ ይቀላቅላል፤ በየሳምንቱ ያንኑ ልክ ጠብቆ ለማዘጋጀት ካልቆረጡ በቀር ግን አይጀምሩት። ቺሊ ራስቦራ የሚመጣው ቅጠል በበሰበሰበት፣ ሻይ በሚመስል፣ ማዕድን የለሽና አሲዳማ ውሃ ውስጥ ነው። በ13 ዲግሪ ወዲያው አይሞት ይሆናል፤ ውበቱን ግን አያሳይዎትም።

ለእርስዎ ውሃ ሴለስቲያል ፐርል ዳኒዮ ወይም ወንድ ኢንድለርስ ተመራጭ ነው። እኔ ወደ ዳኒዮው አደላለሁ፤ ከ22 እስከ 24 ዲግሪ ስለሚበቃው ማሞቂያዎ በክረምት ሌሊት እንኳ ብዙ አይደክምም። ለዚህች ገንዳ 25 ዋት ማሞቂያ በቂ ነው።

ሰማያዊ ክንፍ፦
እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ አለኝ። ዳኒዮው ሲገዙት ፈሪ ሆኖ የሚታይ ቢሆንም ወንዶቹ ተፋላሚዎች ናቸው። ሞስ የሚባለውን ደቃቅ የውሃ ተክል ጉብታ የያዘ ወንድ ሌላው ሲጠጋው ገላው ይጠቁራል፣ የክንፉ ቀይ መስመር ይደምቃል፣ ከዚያ ሁለቱ ጭራና ራስ ገጥመው እየተሽከረከሩ ክንፍ ይነካከሳሉ። 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ለተሸናፊው መሸሻ አይሰጥም። ቤታ ይህ ሁሉ የለበትም፤ በ7.8 ፒኤችም ያለ ችግር ይኖራል።

ቀጭን ጅረት፦
ስለ ጠባዩ የተናገሩት ትክክል ነው፤ መፍትሔው ግን ከቁጥሩና ከተክሉ ላይ ነው። ስድስት ዓሣ ይሁን፤ ሁለት ወንድና አራት ሴት። ሴቶቹ ሆዳቸው ክብ ያለ፣ ቀለማቸው ፈዘዝ ያለ ነው። ከመካከል ዓይን የሚከልል እንጨት፣ በሁለቱ ጫፎች ደግሞ አንዳንድ የሞስ ጉብታ ይቀመጥ፤ ለእያንዳንዱ ወንድ የራሱ ወሰን ይሆናል። ስምንትና አሥር ለማድረግ ግን እኔም አልደፍርም። በሞሱ ውስጥ እንቁላል ይጥላሉ፤ ራሳቸው ስለሚበሉትም ገንዳው እንደ ጉፒ በጫጩት አይጥለቀለቅም።

አፋቸው እጅግ ትንሽ መሆኑን አይዘንጉ። ደረቅ ምግባቸው በጣት መካከል ተፈጭቶ ዱቄት መሆን አለበት፤ በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ (ደቃቅ የጨው ውሃ ሽሪምፕ) ቢያገኙ ቀለማቸው ይለወጣል።

ሐመልማል፦
ፕሌኮው ስለቀረ፣ አልጌውን በተመለከተ ቼሪ ሽሪምፕን ላንሣ። ከ2.5 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ናቸው፣ ጠንካራውን ውሃ ለቅርፊታቸው ይወዱታል፣ በሞሱ ላይ ተቀምጠው በትንንሽ እግሮቻቸው ቀኑን ሙሉ እየለቀሙ ሲበሉ ማየት ራሱ አንድ መዝናኛ ነው። ዳኒዮዎቹ ግልገሎቹን ይበላሉ፤ ሞሱ ከበዛ የሚተርፈውም አይጠፋም። ከቤታ ጋር ከሆነ ግን ዕድላቸው በዚያው ቤታ ጠባይ ላይ የሚወሰን ነው። መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት ሽሪምፕን ስለሚገድል መለያ ጽሑፉን ሳያነቡ ምንም አይጨምሩ። ኦቶሲንክለስ የሚባለውን አልጌ በል ዓሣ የሚመክርዎ ሰው ቢኖር ደግሞ አዲስ ገንዳ ውስጥ የሚበላው ስለማያገኝ በረሃብ እንደሚያልቅ ይወቁ።

ዝቃጭ፦
የገንዳው መብሰል፣ ማለትም ቆሻሻውን የሚለውጡ ባክቴሪያዎች እስኪበዙበት መጠበቁ፣ ሳይነሣ ሊታለፍ ነው። ዓሣው የሚያወጣው አሞኒያ በአንድ ወገን ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት፣ በሌላ ወገን ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ይለወጣል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መርዝ ናቸው፤ ሦስተኛው በተክልና በውሃ ቅየራ የሚቀነስ ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች በስፖንጁና በጠጠሩ ላይ እስኪበዙ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ጤነኛ መሆኑ ከታወቀ አሮጌ ገንዳ የተወሰደ የማጣሪያ ስፖንጅ ጊዜውን በእጅጉ ያሳጥረዋል።

ይህ ለጠል በተለይ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። አሞኒያ በውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፤ ብርቱው መርዝ አንደኛው ብቻ ሲሆን የእርሱ ድርሻ ፒኤች ከ7 ወደ 8 ሲወጣ ወደ አሥር እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ 7 ፒኤች ባለው ውሃ ዓሣ የሚችለው መጠን በእርስዎ ገንዳ ሊገድል ይችላል። ተክሉን ይትከሉ፣ የዓሣ ምግብ በየቀኑ ቁንጥር ታህል እየጨመሩ ባክቴሪያውን ይመግቡ፣ አሞኒያና ናይትራይት ሁለቱም በተከታታይ ዜሮ እስኪያሳዩ ይጠብቁ። ተክሉ ራሱ አሞኒያውን ስለሚወስድ ዜሮው ቶሎ ሊታይ ይችላል፤ ያም ቢሆን ሦስት ዓሣ አስገብተው፣ ለክተው፣ ሦስቱን በኋላ ይጨምሩ። ስፖንጁን ሲያጥቡት ከገንዳው በቀዱት ውሃ እንጂ ከቧንቧ አይሁን፤ ክሎሪን የሚገድለው እነዚሁኑ ባክቴሪያዎች ነው።

ጠል፦
እንግዲያውስ ወስኛለሁ። በዚህ ሳምንት ሆርንዎርት፣ ፍሮግቢት፣ ጃቫ ሞስ፣ አኑቢያስ ናናና ሁለቱ ክሪፕቶኮሪኖች ይገባሉ፤ ውሃው ሲበስል ሽሪምፕ፣ ከዚያም ስድስት ዳኒዮ በሁለት ዙር። ሰማያዊ ክንፍ እንዳይቀየሙኝ፤ ቤታው ለሌላ ገንዳ ይቆይ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ ገንዳዋ ክፍት ስለሆነች ውሃው እየተነነ በየሳምንቱ ይጎድላል። የጎደለውን ብሞላ እንደ ውሃ ቅየራ ይቆጠርልኛል?

ሰማያዊ ክንፍ፦
ምንም ቅያሜ የለም። ይልቁንስ ክዳን ያብጁላት፤ ዳኒዮም ሽሪምፕም ሊዘሉና ሊወጡ ይችላሉ። ትነቱም ይቀንስልዎታል።

ዝቃጭ፦
አይቆጠርም። የሚተነው ንጹሕ ውሃ ብቻ ስለሆነ ካልሲየሙም ናይትሬቱም እዚያው ይቀራል፤ በቧንቧ ውሃ ደጋግመው በሞሉ ቁጥር በ13 የጀመረው ጠንካራነት እየወጣ ይሄዳል። በየሳምንቱ 4 ሊትር ያህል በቱቦ ከጠጠሩ ላይ ቆሻሻውን እየሳቡ ያውጡ፤ ሲመልሱ በቅየራው መጠን ክሎሪን ማስወገጃ የገባበት፣ ሙቀቱም ከገንዳው ጋር የተቀራረበ ውሃ በቀስታ ያፍስሱ። የቧንቧ ውሃዎ የሚታከመው በክሎራሚን ከሆነ ማሳደር ብቻ አይበቃም፤ ማስወገጃው የግድ ነው። በሁለት ቅየራዎች መካከል በትነት የጎደለውን ደግሞ በተጣራ ማዕድን የለሽ ውሃ ቢሞሉት ጠንካራነቱ ከነበረበት አይንቀሳቀስም።